ሱፕሪም ኮማንደርን ትልቅ ያደረገው ምንድን ነው? የዩኒቱ ብዛት ወይስ እይታው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሱፕሪም ኮማንደር የሚባለው የኮምፒውተር የጦርነት ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የስትራቴጂ ጌሞች መጥተዋል። ግራፊክሳቸው ያማረ፣ ፍጥነታቸውም የተሻለ ነው። እኔ ግን አሁንም የምመለሰው ወደዚህኛው ነው። ለምን እንደሆነ አቋሜን ልጻፍና እናንተ ፈትሹት።

ሰው ስለዚህ ጌም ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ቁጥር ነው። ለአንድ ተጫዋች እስከ 1000 ዩኒት (ታንኩ፣ አውሮፕላኑ፣ መርከቡ ሁሉ)፣ ከዳር እስከ ዳር 81 ኪሎ ሜትር የሆነ ማፕ፣ ተራራ የሚያክል ሮቦት። ለእኔ ትልቅነቱ እዚያ አይደለም። ትልቅነቱ ያለው እይታውን በሚያቀርበውና በሚያርቀው የማውሱ ጎማ (ዙም) ላይ ነው። አንድ ታንክ ላይ ስትጠጉ ሰንሰለቱ ሲሽከረከር ይታያችኋል። ጎማውን ወደ ኋላ ስትስቡት ታንኩ እያነሰ ይሄድና ትንሽ ምልክት ይሆናል። ከዚያ ሸለቆው ይገባል፣ ባሕሩ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ማፑ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይሰፍራል። ጠቋሚውን ሌላ ግንባር ላይ አድርጋችሁ ጎማውን ወደ ፊት ስትገፉት ደግሞ እዚያው ትወርዳላችሁ። የትኛውም ከፍታ ላይ ሆናችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። አንድ የስትራቴጂ ጌም ትልቅ የሚባለው ጦርነቱን በሙሉ በአንድ እይታ ሲያስይዛችሁ ነው። ይሄ ከሌለ አስር ሺህ ዩኒት ቢደረደር ትርምስ ብቻ ነው። ትስማማላችሁ? ቀጣዩ ትልቅ ጌም ቢሠራስ ከዚህኛው ምኑ ቢቀር አትቆጩም?

(የውይይቱ ክር ስለረዘመ መልሶቹን እንዳሉ አልገለበጥኳቸውም። ፍሬ ነገራቸውን በየተራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1። ጨዋ ሰላምታ አቅርቦ ይስማማል። ሌሎች ጌሞች ላይ ጥግ የምትቀመጠው ትንሿ ማፕ ለእሱ የጌሙ ድክመት ማሳያ ናት። ካሜራው ጠባብ ስለሆነ የተሰጠች ማካካሻ አድርጎ ነው የሚያያት። ሱፕሪም ኮማንደር ላይ ዋናው ስክሪን ራሱ ማፕ ይሆናል። ሁለት ሞኒተር ላለው ሰው ጌሙ ሁለተኛውን ስክሪን ለብቻው እንደሚጠቀምበትም ያስታውሳል። እሱ አንዱን ሁልጊዜ ሙሉውን ማፕ እንዳሳየ ይተወዋል፣ በሌላኛው ይዋጋል። ይሄን ከለመደ በኋላ ወደ ሌላ ጌም ሲሄድ ዓይኑን የሸፈኑት ያህል ይሰማዋል።

መልስ 2። በአክብሮት ይቃወማል። የትልቅነቱ መሠረት የተጣለው በ1997 በኬቭዶግ በተሠራው ቶታል አናይሌሽን ነው ባይ ነው። የሁለቱም ጌሞች መሪ ዲዛይነር ክሪስ ቴይለር ነው። የ1997ቱ ጌም ይሄ ዙም አልነበረውም፣ ግን ያኔም ትልቅ ነበር። ለምን ቢባል ጥይቱ እውነተኛ ነበርና። መድፍ ሲተኮስ ጥይቱ ራሱን ችሎ በአየር ላይ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ኮረብታ ካለ ኮረብታውን ይመታል። ኢላማው ቦታ ከቀየረ ይስታል፣ የሳተውም የሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል። በሱፕሪም ኮማንደር ደግሞ ተመትቶ የሚወድቅ አውሮፕላን የወደቀበትን ይጎዳል። ኤዮን የሚባለው ወገን ግዙፍ በራሪ ሳህን ከሰፈራችሁ (ከቤዛችሁ) አናት ላይ ከተመታ መትታችሁትም አልዳናችሁም። ለዚህ ሰው ትልቅነት ማለት ዓለሙ ለተጫዋቹ ብሎ ሕጉን የማያጥፍ መሆኑ ነው። ይሄን መልስ በጣም ወድጄዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ባልስማማም ከክሩ ምርጦች አንዱ ነው።

መልስ 3። ክሩን ወደ ኢኮኖሚው የወሰደው ይሄ ነው፤ ከሁሉም የረዘመውም እሱ ነው። ነገሩን ለጀማሪ ያፍታታዋል። በብዙ ጌሞች ዋጋው ከተጠራቀመ በኋላ ነው ግንባታ የሚጀመረው። እዚህ ግን ሁለቱ የጌሙ ሀብቶች፣ ማስም (የግንባታ ቁሱ) ኢነርጂም፣ እንደ ወንዝ ይፈሳሉ። ግንባታው ከተጀመረ እስኪያልቅ ድረስ ቀስ በቀስ ይመጠምጣል። ወጪው ከገቢው ከበለጠ ሁሉም ነገር አብሮ ይዘገያል፤ ተጫዋቾች ስታል የሚሉት ይሄን ነው።

ቀጥሎ የፎርጅድ አሊያንስን (የጌሙን ማስፋፊያ) ቁጥሮች ይዞ ሒሳብ ይሠራል። አንደኛ ደረጃ የማስ ማውጫ 36 ማስ ይፈጃል፣ በሰከንድ 2 ይሰጣል። በ18 ሰከንድ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ማሳደግ 900 ማስ ይጠይቃል፤ ምርቱ ወደ 6 ስለሚያድግ ጭማሪው 4 ነው። ይሄን ለመመለስ 225 ሰከንድ፣ ወደ አራት ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ደረጃ 4600 ይፈጅና ምርቱን 18 ያደርሰዋል። እሱ ደግሞ ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው። እንግዲህ አንድ ተጫዋች ማውጫውን ሲያሳድግ ለስድስት ደቂቃ እንደማይወረር እየተወራረደ ነው። ጠላት ያንኑ ማስ ታንክ ሠርቶበት ከመጣ ውርርዱ ተበላ። ለመልስ 3 የጌሙ ትልቅነት ያለው እዚህ ነው። አሁን የምትወስነው ውሳኔ ፍሬው የሚታየው ብዙ ቆይቶ ነው።

መልስ 4። መልስ 3ን ያርመዋል፣ በትህትና ግን ጠንከር ብሎ። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ልክ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የማስ ማውጫ ኢነርጂ ይበላል። ኢነርጂ ሲያልቅ ማውጫዎቹ ይዳከማሉ፣ ጋሻው ይወርዳል፣ ራዳሩ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ኢንጂነሩ በእግሩ ሄዶ ነው የሚሠራው። 20 ኪሎ ሜትር ማፕ ላይ ራቅ ያለ የማስ ነጥብ ጋ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ 18 ሰከንዱን እጥፍ ድርብ ያደርገዋል። የሞቱ ታንኮች ፍርስራሽ ማስ ሆኖ እንደሚለቀምም ጨምሮ ይጽፋል። አንድ ሰው ግንባር ላይ ውጊያ ቢሸነፍ እንኳ ፍርስራሹን ቀድሞ የለቀመው ጨዋታውን ሊገለብጠው ይችላል።

መልስ 5። አዲስ ተጫዋች ነው። ጌሙን በቅናሽ ገዝቶ ዘመቻውን ጀምሯል፣ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እየጮኸበት ተጨንቋል። ሰው እንዴት ነው ሦስት ግንባርና ሃያ ፋብሪካ በአንድ ራስ የሚይዘው ብሎ ይጠይቃል።

መልስ 6። ለመልስ 5 የተሰጠ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገኝ ክር መክፈት ደስ ይላል። ምክሩ ባጭሩ ሁሉንም ለመያዝ አትሞክር የሚል ነው። የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ ይዞ ለአንድ ኢንጂነር የአስር ደቂቃ ሥራ መደርደር ይቻላል። ፋብሪካን ድገም ብሎ ማዘዝ ይቻላል። አንድ ፋብሪካ ሌላውን እንዲረዳ ካዘዝከው፣ የሚረዳውን ፋብሪካ ስታዝ እሱም ይከተላል። በተለይ የማጓጓዣ አውሮፕላኖቹን ጉዳይ በደንብ ያሳያል። አውሮፕላኖቹን መርጠህ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር የማመላለሻ መስመር ትሰጣቸዋለህ። ከዚያ የታንክ ፋብሪካህን መውጫ ነጥብ መስመሩ መነሻ ላይ ታደርገዋለህ። ከዚያ በኋላ ታንክ ከፋብሪካ ይወጣል፣ ራሱ ሄዶ ይሰለፋል፣ አውሮፕላኑ አንስቶ ባሕሩን ያሻግረዋል፣ ተመልሶ ሌላ ያነሳል። ተጫዋቹ ከዚያ ወዲያ እጁን አያስገባም።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። እይታውና ይሄ ነገር አይነጣጠሉም። ጦርነቱን በሙሉ ማየት ዋጋ የሚኖረው በአንድ ትእዛዝ ብዙ ሥራ ማስጀመር ስትችሉ ነው። ሁሉን እያዩ እያንዳንዱን ታንክ በእጅ መንዳት ቢኖር ኖሮ ዙሙ ጭንቀት ብቻ በሆነ።

መልስ 7። ጨዋነቱ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ሰው አስተያየት ጌሙ የሒሳብ መዝገብ እንጂ ውጊያ አይደለም የሚል ነው። ሁሉም ሰው ወደ ኋላ ወጥቶ ነው የሚጫወተው፤ ስለዚህ የሚታየው ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ምልክት እርስ በርሱ ሲበላላ ነው። ያ ሁሉ የተለፋበት ሞዴል ማንም አያየውም። ስታርክራፍት በሚባለው ሌላ የስትራቴጂ ጌም ላይ አንድ ዩኒት ስትሞት ያማል፣ እዚህ ግን መቶ ታንክ አልቆ ማንም አይቆጨውም። ትልቅነት ብላችሁ የምታሞግሱት ርቀት ነው፣ ርቀት ደግሞ ስሜት ይገድላል ብሎ ይዘጋል።

መልስ 8 ቆጣ ብሎ ነው የገባው። መልስ 7 ጌሙን ከአስር ደቂቃ በላይ እንዳልተጫወተ ይናገራል፤ ይሄን ማለቱ ነውር ነበር። ከስድቡ ባሻገር ያለው ነጥብ ግን ልክ ነው። መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ሁሉም ሰው ተጠግቶ ነው የሚጫወተው። ኮማንደሩ (ተጫዋቹን የሚወክለው ዋና ሮቦት) በእግሩ ግንባር ይወጣል፣ ኢነርጂ አጠራቅሞ በአንድ ምት ታንኮችን ያነዳል፣ ግን እሱ ከሞተ ጨዋታው አለቀ። የአንድ ዩኒት ሞት የማያምበት ጌም አይደለም። ሞቷ እንዲያማችሁ የመረጠላችሁ ግን አንዷን ዩኒት ብቻ ነው።

መልስ 9። ክሩን ያበረደው በገጠመኝ ነው። ሴተንስ ክላች የሚባለው ማፕ ላይ፣ አራት ለአራት፣ ጨዋታው ረዝሟል። የሁለቱም ቡድን ባሕር ኃይል አልቆ ነበር። በድንገት ስትራቴጂክ ሚሳይል መተኮሱን የሚያበስረው ድምፅ ተሰማ። አራቱም ተጫዋቾች ጸረ ሚሳይል ማን ጋ እንዳለ ይጠያየቃሉ። አንደኛው እኔ ጋ አለ ይላል፣ ሁሉም ይረጋጋል። ጣቢያው በርግጥ ተሠርቷል። ውስጡ የሚገባው መከላከያ ሚሳይል ግን እንዲሠራ አልታዘዘም ነበር፤ እሱም ራሱን የቻለ ጊዜና ማስ ይፈልጋል። ሁሉም ዙም አድርገው ወጥተው ሚሳይሉ ማፑን ሲያቋርጥ ያዩታል። የሚመጣበት ተጫዋች ኮማንደሩን ወደ ባሕር አስገባው፤ ኮማንደር በባሕር ወለል ላይ መራመድ ይችላል። ቤዙ ጠፋ፣ እሱ ግን ተርፎ ጨዋታው ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። ማን እንዳሸነፈ አልጻፈም። መልስ 10 የመጣው ይሄንኑ ለመጠየቅ ብቻ ነው፣ መልስ አላገኘም።

መልስ 11። ቴክኒኩን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ደስታችንን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ጌሙ ሲጫወቱት እያንዳንዱ ኮምፒውተር ያንኑ ጦርነት በሙሉ ለብቻው ያሰላል። በኔትወርኩ የሚተላለፈው ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም እኩል መራመድ አለበት፤ ከስምንት ሰው የአንዱ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል) ደካማ ከሆነ ሰባቱም በእሱ ፍጥነት ይሄዳሉ። ስሌቱ ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ኮር (ከሲፒዩው ክፍሎች በአንዱ) ላይ ስለሆነ ብዙ ኮር ያለው ኮምፒውተር መግዛት ብዙም አያድንም። የጌሙ ሰዓት አርባ ደቂቃ ሲል የእናንተ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሆን ይችላል። ትልቅነትን ከማሞገሳችሁ በፊት ጨዋታው ሲንቀራፈፍ የቀረውን ታክቲክ ቁጠሩት ይላል።

መልስ 12 ይሄንኑ ያጠናክራል። ሰው 81 ኪሎ ሜትሩን በኩራት ያነሳዋል እንጂ አይጫወትበትም። ቀላል ታንክ ያንን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ በሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሙሉ የስታርክራፍት ጨዋታ ያልቃል። በተግባር ሰው የሚመርጠው 10 እና 20 ኪሎ ሜትር ማፖችን ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ይሄ የኔኑ ነጥብ የሚደግፍ ነው። ስፋቱ ለብቻው ማንንም አላስደሰተም፣ ዙሙን ግን ማንም አልተወውም።

ከመልስ 13 እስከ 16 ያለው ከርዕሱ ወጥቶ በሱፕሪም ኮማንደር 2 ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ ነው። በ2010 የወጣው ይሄ ጌም ማፑን አሳነሰ፣ የቴክኖሎጂ ደረጃዎቹን በምርምር ዛፍ ተካ፣ ሲወጣም ዋጋን አስቀድሞ መክፈል አመጣ። መልስ 13 ክህደት ይለዋል። መልስ 14 ሰው ሳይጫወት ነው የሚጠላው ብሎ ይከላከላል። በተለይ የዩኒቶቹ አካሄድ ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ መሆኑን ያነሳል። በመጀመሪያው ጌም ታንኮች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ በሁለተኛው ግን ብዙ ሠራዊት እየተላለፈ ይፈሳል። መልስ 15 ስሙን ባይዝ ኖሮ ጥሩ ጌም ይባል ነበር ብሎ ለማስታረቅ ይሞክራል። መልስ 16 ሁለቱንም ይሰድባል። ስለ አካሄዱ የተባለው እውነት ነው፤ ሌላውን ልለፈው።

መልስ 17። ወደ ዋናው ጥያቄ የመለሰን እሱ ነው፤ ለኔ አቋም ከሁሉ የተሻለውን ማስረጃ ያመጣውም እሱ ነው። ፕላኔተሪ አናይሌሽንን ያነሳል። ከ2.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ በኪክስታርተር (ሕዝብ ገንዘብ በሚያዋጣበት ድረ ገጽ) ተሰብስቦለት በ2014 የወጣ ነው። ጦርነቱ በፕላኔቶች ላይ ነው፣ ጨረቃን ገፍቶ ጠላት ፕላኔት ላይ መጣል ይቻላል። ከዚህ በላይ ትልቅ ነገር ከየት ይመጣል? ግን ማፑ ድቡልቡል ነው። የፈለጋችሁትን ያህል ወደ ኋላ ብትወጡ ግማሹ ሁልጊዜ ከጀርባ ነው። ዳር የለም፣ ጥግ የለም፣ ጠላት ከየትም ይመጣል። መልስ 17 ጌሙን ከልቡ ይወደዋል፤ ሆኖም ጦርነቱን በሙሉ ያየበት ቅጽበት እንደሌለ ያምናል።

መልስ 18 ጌሙ በስክሪኑ ውስጥ ሁለተኛ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ሌላ ቦታ እንደሚያሳይ አስታውሶ ያርመዋል። እርማቱ ልክ ነው። ግን ሁለት ቁራጭ እይታ አንድ ሙሉ እይታን አይተካም።

መልስ 19። ቢዮንድ ኦል ሪዝን የሚባለውን ጌም ሞክሩ ይላል። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ የተገነባበት የጌም ሞተር (መሠረቱ የሆነው ሶፍትዌር) ዘሩ የሚመዘዘው የቶታል አናይሌሽን አድናቂዎች ከጀመሩት ስፕሪንግ ነው። ስምንት ለስምንት በተለምዶ ይጫወቱበታል። ወደ ኋላ ሲወጡ ምልክት የሚሆነው ነገርም አለ። አንድ ነገር ግን በተለይ ያደንቃል፤ እኔም አብሬው አደንቃለሁ። ሠራዊቱን መርጠህ ማውሱን ተጭነህ መሬት ላይ መስመር ትስላለህ። ዩኒቶቹ መስመሩን ተከትለው ተዘርግተው ይቆማሉ። ኮረብታ ከሆነ ኮረብታውን ዞረህ ትስላለህ፣ ባሕር ዳር ከሆነ ዳሩን ይዘህ። ሩቅ ሆነህ ሃያ ታንክን በአንድ ሞገስ ባለው እንቅስቃሴ ማሰለፍ ትችላለህ።

መልስ 20 ነፃ መሆኑን ያመሰግናል፣ ግን በትልልቅ የቡድን ጨዋታዎች ላይ ለአዲስ ሰው ያለው ጩኸት አማሮታል። አንዱ ግንባር ከተሰበረ ሁሉም ጣቱን እሱ ላይ ይቀስራል። መልስ 21 ተሳስተህ ነው፣ መጀመሪያ መማር ነበረብህ ይለዋል። መልስ 22 ደግሞ መልስ 21ን እንዲህ ዓይነት ሰው ነው ጌሞቹን ባዶ ያስቀረው ብሎ ይወርድበታል። ሦስቱም ከረር ብለው ተሰነጣጥቀዋል። እኔ ከመልስ 20 ጋር ነኝ። እነዚህ ጌሞች ለመማር ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የሚማረውን ሰው የሚያባርር ቡድን ነገ የሚጫወተው አያገኝም።

መልስ 23 ስለ ሙዚቃው ነው፣ ከምንም ጋር አይገናኝም። የቶታል አናይሌሽንንም የሱፕሪም ኮማንደርንም ሙዚቃ የሠራው ጄረሚ ሶል መሆኑን ጠቅሶ የመጀመሪያውን ያስበልጣል። ሁለት ሰው ወደደለት።

መልስ 24። መልስ 7 ተመልሶ መጣ። ድምፁ በርዷል፣ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም። ጥያቄው ለእኔ ነው፦ እይታው ይቅር የማትል ከሆነ ምኑን ትተዋለህ?

መልስ 25 የኔ ነው። የዩኒቱን ብዛት እተዋለሁ። ከ1000 ይልቅ 300 ይሁንና ጨዋታው እስከ መጨረሻው ሳይንቀራፈፍ ይሂድ። 81 ኪሎ ሜትሩንም እተዋለሁ። ኤክስፐሪሜንታሎቹን (ግዙፎቹን ልዩ ዩኒቶች) ብዙ ማድረግ አያስፈልግም፤ አንድ ሞንኪሎርድ (ሸረሪት መሰሉ ግዙፍ ሮቦት) በጭጋጉ ውስጥ ሲመጣ ያስፈራል፣ አስር ሲሆን ግን ቁጥር ብቻ ይሆናል። የሚፈስ ኢኮኖሚውን፣ ራሱን ችሎ የሚበረውን ጥይት፣ ትእዛዝ መደርደሩንና ዙሙን ግን አልሰጥም። መልስ 7 ርቀት ስሜት ይገድላል ላለው፣ ሚሳይሉ ማፑን ሲያቋርጥ ከላይ ሆኖ ከማየት የበለጠ የሚያስጨንቅ ነገር በየትኛውም ጌም አላየሁም።

መልስ 26። መልስ 3 ነው፤ በ300 አይስማማም። ዩኒቱ ካነሰ ተጫዋቹ እያንዳንዱን በእጅ መንዳት ይጀምራል፣ ያኔ ጌሙ ተመልሶ የጣት ፍጥነት ውድድር ይሆናል ብሎ ይሰጋል። ብዛቱ ራሱ ነው ሰውን ወደ ኋላ ወጥቶ እንዲያስብ የሚያስገድደው። ጠንካራ ክርክር ነው። ቢሆንም 500 ላይ እንኳ ማንም ታንኩን አንድ በአንድ አይነዳም ብዬ መልሼለታለሁ፤ እሱም እስካሁን አልተስማማም።

መልስ 27። አዲሱ ተጫዋች፣ መልስ 5። የማመላለሻ መስመሩን ሠርቶ እንደተሳካለት ይናገራል። አሁን ከሰው ጋር መጫወት ፈልጎ ምን መጫን እንዳለበት ይጠይቃል። መልስ 28 ተጫዋቾቹ ራሳቸው ወደሚያስተዳድሩት ፎርጅድ አሊያንስ ፎርኤቨር ይመራዋል። ልብ ሊለው የሚገባውንም ይነግረዋል፦ የመጀመሪያው ሱፕሪም ኮማንደር ብቻውን አይበቃም፣ ፎርጅድ አሊያንስን መግዛት አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ማፕ፣ ሁለት ለሁለት ይምረጥ፤ ጀማሪ መሆኑንም ገና ጨዋታው ሳይጀመር ለቡድኑ ይንገር።